የቀበሌ ቤትን ያለፈቃድ ለንግድ ማዋል፦ ከባህር ዳር ተከራዮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ውስጥ የቀበሌ ቤት ተከራዮች፣ ደባሎችና ጎረቤቶች ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

የቀበሌ ቤት የማን ንብረት ነው?

የመንግሥት ነው። ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በተለምዶ አነጋገር ለቀበሌ፣ ተሰጡ። ከዚያ በላይ የሚከራዩት ወደ ማዕከላዊው የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ።

ዛሬ ባህር ዳር ውስጥ እነዚህን ቤቶች የሚያስተዳድረው የከተማው አስተዳደር ነው፤ በክፍለ ከተማና በቀበሌ በኩል። የሚኖርበት ሰው ተከራይ ነው። 30 ዓመት ቢቀመጥበትም፣ ልጆቹን አሳድጎ ቢድርበትም ተከራይ ነው። ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ባለቤት እንደሆነ አድርጎ ይከራከርና ከመነሻው ይወድቃል። ተከራይ ሆኖ ቢከራከር ግን ሕጉ የሚሰጠው ብዙ መከላከያ አለ።

የተከራየሁት ለመኖሪያ ነው። "ለንግድ አውለሃል" የሚባለው መቼ ነው?

ሽምብጥ ውስጥ አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ ጋግረው ለጎረቤት ይሸጣሉ እንበል። ልጃቸው ማታ ማታ ሦስት ተማሪ ያስጠናል። ይህን ይዞ ተከራይን የሚከስ ቤት አስተዳደር ብዙም አይገጥምም። ቤቱ አሁንም መኖሪያ ነው።

አሁን ደግሞ እኒሁ እናት በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት አፍርሰው በር አደረጉት እንበል። ከላይ ቆርቆሮ ዘረጉ። ደጁ ላይ ትልቅ መጥበሻ ተጣደ፣ ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ይጠበሳል፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ሁለት ልጆች ተቀጠሩ። ቤተሰቡ ወደ ጓዳ ተገፋ። ይህ ምግብ ቤት ነው። ውሉ ላይ "ለመኖሪያ" ቢልም፣ ውሉንና ቤቱን የሚያመሳክር ሰው ልዩነቱን ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ላለው ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ። ደንበኛ ቤት ድረስ ይመጣል? ግድግዳ ወይም በር ተቀይሯል? ታፔላ ተሰቅሏል? ተቀጣሪ አለ? ማንም የማያድርበት፣ ለዕቃ ብቻ የተለቀቀ ክፍል አለ? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ ሽንኩርት ወይም እህል ቤት ውስጥ ማከማቸት፣ አንድም ገዢ ደጃፍዎን ባይረግጥ፣ ቤቱን መጋዘን ማድረግ ነው።

ፈቃድ ማግኘት ይቻላል? እንዴት?

ሊቻል ይችላል፤ መብት ግን አይደለም። ቤቱ በዝቅተኛ ኪራይ የተሰጠው ሰው እንዲኖርበት ነው። ስለዚህ የመኖሪያ ቤት ችግር ባለበት ከተማ ውስጥ ጥያቄው ውድቅ ቢሆን አይግረምዎት። የተሻለ ዕድል ያላቸው የከተማው ፕላን ለንግድ ወይም ለቅይጥ አገልግሎት በመደበው ቦታ ላይ ያሉ፣ በዋና መንገድ ፊት ለፊት የሚገኙ ቤቶች ናቸው።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ቤቱን ለሚያስተዳድረው ክፍል የጽሑፍ ማመልከቻ ይገባል። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ ቀንና የገቢ ቁጥር የተጻፈበትን ቅጂ ይዘው ይውጡ። ከተፈቀደ አዲስ ውል ይፈረማል፣ ኪራዩም ወደ ንግድ ቤት ተመን ይለወጣል። የንግድ ፈቃድ የሚወጣው ከዚያ ነው። ግድግዳ መንካት የመጨረሻው ነው፤ ለእሱም የሕንፃ ሹም ፈቃድ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው ይህን ገልብጦ ይጀምረዋል። መጀመሪያ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ከዚያ ፈቃድ ይለምናል። ያን ጊዜ ማመልከቻው ራሱ የጥፋቱ ማስረጃ ሆኖ ይያያዛል።

ሳይፈቀድልኝ ብሠራበትስ፣ የሚጠብቀኝ ምንድን ነው?

አንድ ቅጣት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው "ቢበዛ ያሽጉታል" ብሎ ያስባል። በእርግጥ ግን የተለያዩ ተጠያቂነቶች በአንድ ጊዜ ሊመጡ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

የመጀመሪያው የውል ነው። ውሉ ይቋረጣል፣ ቤቱን ያስረክባሉ። ሁለተኛው የገንዘብ ነው። በመኖሪያና በንግድ ኪራይ መካከል ያለውን ልዩነት፣ በቤቱ ላይ ለደረሰ ጉዳትም ካሳ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሦስተኛው የንግድ ሕግ ነው፤ ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ በራሱ ያስቀጣል። ከዚያ በመኖሪያ ታሪፍ ንግድ ያንቀሳቀሰ የመብራት ቆጣሪ አለ። ያልተከፈለ ግብር አለ። የተጎዳ ጎረቤት ካለ እሱም ራሱን ችሎ መክሰስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። ገንዘብ ተበድሮም ቢሆን ይከፈላል። አንዴ የተለቀቀ የቀበሌ ቤት ግን አይመለስም፤ ውጭ የሚጠብቅዎት የግል ኪራይ ደግሞ ከሚያውቁት ኪራይ ጋር አይገናኝም። ጥሩ ሲሸጥ የነበረ ሱቅ እንኳ ያን ኪራይ አይሸፍንም።

ያሳስራል እንዴ?

መኖሪያን ለንግድ ማዋል በመሠረቱ የውልና የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ወደ ወንጀል የሚወስደው አብሮት የሚመጣው ነው።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የጸና የንግድ ፈቃድ ሳይኖር መነገድን ይከለክላል። ቅጣቱ መቀጮና እስራት ነው፤ የንግዱ ዕቃና መሣሪያም ሊወረስ ይችላል። ሐሰተኛ የኪራይ ውል አዘጋጅቶ ፈቃድ ማውጣት ሌላ ወንጀል ነው። ቆጣሪ መነካካት ወንጀል ነው። በሕግ የታሸገን በር ማኅተም መቅደድም እንዲሁ። በንዴት የተቀደደች አንዲት ወረቀት የኪራይ ጉዳይ የነበረውን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትወስደዋለች።

የንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ግብርም እከፍላለሁ። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። የንግድ ፈቃድ "ይህን ሥራ መሥራት ትችላለህ" ይላል። የት ቤት ውስጥ የሚለውን የሚወስነው የቤቱ ውል ነው። ሁለቱን የሚሰጡት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ የአንዱ ማኅተም ሌላውን አያስገድድም።

ግብርም እንደዚያው ነው። ገቢዎች የሚጠይቅዎት ስላገኙት ገቢ ነው፣ ቤቱ ተፈቅዶልዎት እንደሆነ አይደለም። ያም ሆኖ የግብር ደረሰኝዎን አይጣሉ። ተደብቀው እንዳልሠሩ ያሳያል፤ ቅጣት ሲመዘን ይህ ዋጋ አለው።

ቀበሌው ለዓመታት እያየኝ ምንም አላለም። ፈቀደልኝ ማለት አይደለም?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚነሳው ጥያቄ ነው። ሰዎችን በጣም የሚያናድደው መልስም ይሄ ነው፦ አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1682 ዝምታ እንደ ስምምነት እንደማይቆጠር ይደነግጋል። አንቀጽ 1722 ደግሞ በተለየ ፎርም የተደረገ ውል የሚለወጠው በዚያው ፎርም ነው ይላል። በአንቀጽ 1724 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባው ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ሦስቱን ሲያገጣጥሟቸው መልሱ ግልጽ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር በየጠዋቱ ከሱቅዎ ዳቦ ቢገዛም የውልዎ "ለመኖሪያ" አልተለወጠም። "ሥራ፣ ማንም አይነካህም" ያለ ኃላፊ ነገ ይቀየራል፤ ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

ይሁንና ዝምታው ምንም ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ እያወቀ ዓመታት ከቆየ፣ በአንድ ቀን ውጣ ማለቱ ተገቢ እንዳልሆነ መከራከር ይቻላል። በየስብሰባው ላይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ፣ ሱቁን የጠቀሰ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ተቆጣጣሪ የፈረመበት ወረቀት ካለ ይሰብስቡት። ቤቱን ባያስቀር ጊዜ ይገዛል፣ የልዩነት ኪራዩንም ሊያስቀንስ ይችላል። በእኔ እምነት አስተዳደሩም ዓመታት የተወውን ነገር በአንድ ሌሊት ከመዝጋት ይልቅ ወደ ሕጋዊ ውል የሚገባውን አስገብቶ፣ የማይገባውን ጊዜ ሰጥቶ ቢያስለቅቅ ይሻላል። እነዚህ ሱቆች የብዙ ቤት እራት ናቸው።

"የልዩነት ኪራይ" የሚሉት እንዴት ይሰላል?

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። የመኖሪያ ኪራይዎ በወር 60 ብር ነው። ያው ቤት በንግድ ተመን 900 ብር ይከራይ ነበር። በወር ልዩነቱ 840 ብር ነው። 24 ወር ከሠሩበት 20,160 ብር ይመጣል።

የጥያቄው መሠረት ሁለት ሊሆን ይችላል። ውሉ ራሱ ቅጣት ካስቀመጠ በውሉ ይሄዳሉ። ካላስቀመጠ አንቀጽ 2162 አለ፤ በሌላ ሰው ንብረት ያላግባብ የበለጸገ ሰው በተጠቀመበት መጠን ይክሳል የሚል ነው። ከሳሹ መሥሪያ ቤት ግን ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ንግዱ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረና የንግድ ተመኑ ስንት እንደሆነ። "ከጥንት ጀምሮ" በሚል ግምት የመጣ ሒሳብ ከገጠመዎት ዝም ብለው አይፈርሙ። የንግድ ፈቃድ የወጣበት ቀን፣ የቆጣሪው ፍጆታ ያሻቀበበት ወር፣ የመጀመሪያው የዕቃ ደረሰኝ ለእርስዎም ማስረጃ ናቸው። ሱቁ የተያዘው በከፊል ከሆነም ልዩነቱ በጠቅላላው ቤት ሊሰላ አይገባም ብለው ይከራከሩ።

ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡኝ ውሉን ማቋረጥ ይችላሉ?

በደንቡ፣ ውል አልተፈጸመም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ አንቀጽ 1772 ይህን ይላል። ግን ብዙ ተከራይ የማያውቀው አንቀጽ 1775 አለ። ግዴታው "ይህን አታድርግ" የሚል ከሆነ ማስጠንቀቂያ ላያስፈልግ ይችላል። "ከመኖሪያ ውጭ አላውልም" ብለው ፈርመው ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ይህን አንቀጽ ሊጠቅስብዎ ይችላል።

በተግባር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን አልቀበልም ማለት አይጠቅምም። ይቀበሉ፣ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ይፈርሙ፣ በተሰጠው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልሱ። ንግዱን አቁመው ከሆነ ማቆምዎን ይጻፉ፤ ወንበሩ የተነሳበትን፣ በሩ የተደፈነበትን ፎቶ ያያይዙ። ገና ትኩስ እያለ የታረመ ጥፋትና ታሽጎ የቆመ ጥፋት እኩል አይታዩም።

ቤቴ ታሽጓል። ዕቃዬ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?

ማኅተሙን አይንኩ። በዚያው ቀን ያሸገው አካል የውሳኔውን ግልባጭ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ማን ወሰነ፣ በየትኛው ደንብ፣ ለምን ያህል ጊዜ? ከዚያ የሚበላሽ ዕቃ፣ መድኃኒት፣ የልጆች የትምህርት ቁሳቁስ ካለ ዝርዝሩን ጽፈው እንዲወጣ ያመልክቱ። ዓሣ ከሆነ ሰዓቱ ይቆጠራል፤ ይህን ማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፉት።

የታሸገው ሱቁ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ የሚያድርበት ክፍል ጭምር ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሕጋዊ የመኖሪያ ውል እስካለዎት ድረስ ባለይዞታ ነዎት። በአንቀጽ 1149 መሠረት "ሁከት ይወገድልኝ" ብሎ መክሰስ ይቻላል፤ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በአስተዳደሩ በኩል ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ከተማ አስተዳደሩ አቤት ይባላል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ባህር ዳር ቅርንጫፍ አለው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስለ አስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሲነሳ ብዙ ሰው አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ይጠቅሳል። ያ አዋጅ የፌዴራል ተቋማትን የሚመለከት ነው። ባህር ዳር ላይ በክልሉ ሕግና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቢሄዱ ይሻላል።

አንዱን ክፍል ለፔዳ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪዎች ወይም ለጥምቀት እንግዶች ባከራይ ችግር አለው?

አለው። የቀበሌ ቤትን ያለ አከራዩ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት፣ መኝታ ብቻ ቢሆንም፣ ቤቱን ገቢ ማስገኛ ማድረግ ነው። በዓል ሲደርስ ለሁለት ሌሊት መኝታ ማከራየትም ከዚህ አይወጣም። አልጋ በሌሊት ሒሳብ ሲከራይ ደግሞ የአልቤርጎ ሥራ ስለሚሆን የንግድ ፈቃድ ጥያቄ ይጨመርበታል።

ዘመድ ማሳደር ሌላ ነው። የአክስት ልጅ ከደንበጫ መጥታ እርስዎ ጋር ሆና ብትማር ማንም ተከራይ አይላትም። ችግሩ የሚጀምረው ወርሃዊ ክፍያ ሲኖር፣ ይባስ ብሎም ዋናው ተከራይ ራሱ ሌላ ቦታ እየኖረ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ለደባል ሲተወው ነው። ይህ የመጨረሻው ውል ለማስፈረስ በጣም ቀላሉ መንገድ ነው፤ ቤቱ ለመኖሪያ እንደማያስፈልግዎ ራስዎ መሰከሩ ማለት ነውና።

ቁልፍ ገዝቼ ነው የገባሁት። ብዙ ብር ከፍያለሁ። ምን መብት አለኝ?

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ጥያቄ ነው። የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ከስደት የተመለሱ፣ ዕቁብ የበሉ፣ ከቤተሰብ የተበደሩ ወጣቶች ናቸው። ፊት ለፊታቸው የነበረው ሰው የቤት ቁጥሩን አሳይቷቸዋል፣ የኪራይ ደብተሩን አስጨብጧቸዋል። እነሱም አመኑ።

መራራው እውነት ይህ ነው። ተከራይ የሌለውን መብት መሸጥ አይችልም። የቀበሌ ቤት ቁልፍ ሽያጭ ዓላማው ሕገ ወጥ ነው፤ በአንቀጽ 1716 መሠረት እንዲህ ያለ ውል ውጤት የለውም። በሦስት ምስክር ፊት ቢፈረምም፣ ጠበቃ ቢጽፈውም ያው ነው። አስተዳደሩ ሲመጣ እርስዎ ውል የሌለዎት ሰው ነዎት፤ መጀመሪያ የሚወጡትም እርስዎ ነዎት። ለአስተዳደሩ "ገንዘብ ከፍያለሁ" ብሎ መከራከር አያስኬድም፤ የከፈሉት ለአስተዳደሩ አይደለምና።

ገንዘብዎ ግን ጠፍቶ ላይቀር ይችላል። ውል ፈራሽ ሲሆን ወገኖች በተቻለ መጠን ወደነበሩበት እንዲመለሱ አንቀጽ 1815 ይደነግጋል። ስለዚህ የከፈሉትን እንዲመልስ ሻጩን መክሰስ ይችላሉ። ፈተናው ማስረጃ ነው። በባንክ የተላከ ገንዘብ ይረዳል፣ በእጅ የተቆጠረ ግን ያስቸግራል። ቁልፍ ሊገዙ እያሰቡ ይህን የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ፣ እባክዎ፣ ያ ገንዘብ ትንሽ ኮንቴይነርም ቢሆን ሕጋዊ ቦታ ላይ ያስገኛል።

ውሉ በእኔ ስም ነው፤ የሚነግደው ግን ልጄ ነው። ማን ይጠየቃል?

በውሉ የሚጠየቀው የፈረመው ነው። ቤት አስተዳደሩ ልጅዎን አያውቀውም። ያለ ንግድ ፈቃድ በመነገድ የሚጠየቀው ደግሞ የነገደው ሰው ነው። ስለዚህ እናት ቤት ሲያጡ ልጅ ሊቀጣ ይችላል፤ ሁለቱ መዝገቦች የተለያዩ ናቸው። አረጋውያን ወላጆች ይህን ሳያውቁ "ልጄ ሥራ ይያዝ" ብለው ሳሎናቸውን ይለቃሉ። ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁ የፈረሙትን ውል አንብቡላቸው።

ጎረቤቴ መኖሪያውን ግሮሰሪ አድርጎት እንቅልፍ አጣን። እኔ መክሰስ እችላለሁ?

ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ሲያልፍ ይከለክላል። የቀበሌ ቤቶች ግድግዳ የሚጋሩ፣ ጓሮና ሽንት ቤት አንድ የሆነባቸው ናቸው፤ የአንዱ ሙዚቃ የሌላው መኝታ ቤት ውስጥ ነው። በመጀመሪያ በሽማግሌ ይነጋገሩ። ካልሆነ ለቀበሌው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የሚረበሹበትን ሰዓት ለተወሰኑ ቀናት መዝግበው ያያይዙ። ሌሎች ጎረቤቶች ቢፈርሙ ይበረታል።

ሐይቁ አጠገብ ባለው ግቢዬ ላቫጆ ብከፍትስ?

ይህን አይሞክሩት። ከቤቱ ውል በተጨማሪ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይመጣብዎታል። ዘይትና ሳሙና የያዘው ውኃ በቦዩ ወርዶ ጣና ይገባል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን።

የኮንዶሚኒየም ቤትም እንደዚሁ ነው?

አይደለም። የኮንዶሚኒየም ባለቤት ተከራይ ሳይሆን ባለንብረት ነው፤ ቤት አስተዳደር መጥቶ ውል አያቋርጥበትም። ግን በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይገዛል። መኖሪያ ተብሎ የተሠራን ክፍል ወደ ንግድ ለመቀየርም የሕንፃ አገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ተቆጣጣሪው "ትንሽ ነገር ካደረግህልኝ አልፈዋለሁ" አለኝ። ብሰጠው ምን ይሆናል?

ሁለታችሁም ወንጀለኛ ትሆናላችሁ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚቀጣው ተቀባዩን ብቻ አይደለም፤ ሰጪውንም ነው። ሲጀመር የነበረብዎት የውል ጥፋት ነበር። ሲሰጡ ወደ ሙስና ወንጀል አሳደጉት። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በየወሩ እንዳይመጣ የሚያግደው ነገር የለም፤ ሄደው መክሰስም ይፈራሉ። ጥያቄው የቀረበበትን ቀን፣ ቦታና ቃል ጽፈው ይያዙ፤ ገንዘብ ሳይሰጡ ለፖሊስ ወይም ለፀረ ሙስና አካል ያመልክቱ።

ቤቱ ለኮሪደር ልማት ሊፈርስ ነው። ለሱቁ ካሳ አገኛለሁ?

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 አሠራር ካሳ የሚታሰበው በሕጋዊ መንገድ ለተያዘና ለተሠራ ንብረት ነው። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ የቤቱ ግምት ለእርስዎ አይከፈልም። ሳይፈቀድ ለተቀጠለ ዳስና ለተከፈተ ሱቅ ካሳ መጠየቅም አቅም የለውም።

መያዝ ያለብዎት ምትክ የመኖሪያ ቤት ጥያቄን ነው። እዚህ ላይ ግን አደጋ አለ። ቆጠራ ላይ የመጡ ሠራተኞች ቤቱን "ንግድ" ብለው ከመዘገቡት፣ ምትክ መኖሪያ ሲጠየቅ "ይህ ቤት መኖሪያ አልነበረም" የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በቆጠራው ቀን ቤት ይገኙ። የሚያድሩበትን ክፍል ያሳዩ። የቤተሰብ ቅጽዎን፣ የኪራይ ደረሰኞችዎንና መታወቂያዎን ያቅርቡ። የተጻፈውን ሳያነቡ አይፈርሙ።

ንግዱን ከተውኩት ቆይቷል። አሁን ሊከሱኝ ይችላሉ? ይርጋ የለውም?

ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አለ፤ እንደ ክሱ ዓይነት ግን ይለያያል። በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በአንቀጽ 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው በአንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያው ረዥሙ ይሠራል። በሌላ በኩል የቤት ኪራይ ዕዳ ሁለት ዓመት ካለፈው እንደተከፈለ ይገመታል፤ ይህ አንቀጽ 2024 ነው። የልዩነት ኪራይ ሲጠየቁ ይህኛው ይሠራል ወይስ የ10 ዓመቱ የሚለው ላይ ነው ጠንከር ያለው ክርክር የሚነሳው።

ይርጋን ዳኛ በራሱ አያነሳልዎትም። የመጀመሪያው መልስ ሲሰጥ በመቃወሚያ መቅረብ አለበት፤ ካመለጠ አመለጠ። ስለዚህ መጥሪያው እንደደረሰዎት፣ መልስ ከመጻፍዎ በፊት፣ የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሲሄዱ ውሉን፣ የኪራይ ደረሰኞቹን፣ የደረሰዎትን ደብዳቤ ሁሉ እና መጥሪያውን ከነፖስታው ይዘው ይሂዱ፤ የደረሰበት ቀን ያለው እዚያ ላይ ነው።